ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሚመረጥ ስንዴ የለም

የዱቄትና የማካሮኒ ፋብሪካ በሚበዛባት፣ የአርሲ ስንዴ በአሰላ መንገድ እየተጫነ በሚገባባት አዳማ፣ ስለ ስንዴ የራሱ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ደጋግሞ የሚሰማው ምክር «ሆድ የሚያውከው ምርጥ ዘሩ ነው፤ የድሮው የአገር ስንዴና አጃ ማንንም አይጎዱም» የሚል ነው (እዚህ አጃ የተባለው ኤመር የሚባለው ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ነው፤ በፓኬት ከውጭ የሚገባው አጃ ሌላ እህል ነው)። ይህን የሰማ የሴሊያክ ሕመምተኛ ምክሩን አምኖ ቢበላ ለከባድ ጉዳት ይጋለጣል።

ሴሊያክ ተራ የምግብ አለመስማማት አይደለም። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ወደ ሆድ ሲገባ የሕመምተኛው የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል፤ ንጥረ ምግብ የሚመጥጠው የትንሹ አንጀት ሽፋን እየተጎዳ ሲሄድ ደም ማነስ፣ ተቅማጥና ክብደት መቀነስ፣ በሕፃናት ላይም የዕድገት መቀጨጭ ይከተላል። የሕመሙ ጠንቅ ስንዴ መሆኑን በጥናት ያሳየው ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ሲሆን፣ ይህንንም በ1950 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፉ አቅርቦታል።

ስለ ዝርያ የሚወራው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ሲኖረው፣ ለማካሮኒ የሚውለው ዱረም ስንዴና በአርሲና በባሌ ደጋ የሚበቅለው አጃ እያንዳንዳቸው 28 አላቸው። በዳቦ ስንዴ ላይ የተጨመሩት 14 ክሮሞዞሞች ከአንድ የዱር ሣር የመጡ ናቸው፤ የሰውነትን መከላከያ በብርቱ የሚቀሰቅሰው፣ 33 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ያሉት የግሉተን ቁራጭም የሚገኘው በእነርሱ በኩል ነው። ዱረምና አጃ ይህ ቁራጭ የላቸውም፤ ሕመሙን የሚያስነሡ ሌሎች ቁራጮች ግን አሏቸው። ኮዴክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለው ነው፤ በአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው ግን በአሥር ሺዎች ሚሊግራም የሚቆጠር ስለሆነ፣ የዘር ልዩነት በግማሽ ቢቀንሰው እንኳ ለሕመምተኛው ምንም አይፈይድለትም። ሊጡን ማሳደርም ቢሆን ግሉተኑን አያጠፋውም።

እንግዲህ ክርክሩ መሆን ያለበት ስለ ጤፍ ንጽሕና ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ወፍጮ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስንዴ ፈጭቶ የጨረሰ ወፍጮ ሳይጸዳ ጤፍ ሲፈስበት በመጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ከስንዴው ጋር የተደባለቀ ነው፤ የጋራ ወንፊት፣ የገብስ ዱቄት ከገባበት ሊጥ የተቀዳ እርሾም እንዲሁ ያበላሹታል። ገበያ ላይ በሚሸጥ እንጀራ ውስጥ ሩዝ ቢገባ የሚጎዳው ኪስ ነው፤ የስንዴ ዱቄት ከገባ ግን አንጀት ይጎዳል፣ ገዢውም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የአዳማ ወፍጮ ቤቶች አንዱን ወፍጮ ለጤፍ ብቻ ለይተው በራፋቸው ላይ ቢጽፉ ትልቅ ወጪ አይጠይቃቸውም፤ ከተማ አስተዳደሩም እንጀራ ሻጮች የዱቄቱን ድብልቅ እንዲገልጹ ማስገደድ ይገባዋል።

ሕመሙ ያለባቸው የሚመስላቸው ሰዎችም በራሳቸው ውሳኔ ስንዴ ከማቆማቸው በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው፤ የደም ምርመራው የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካል ግሉተን መብላት ሲቆም እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሕመሙ እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል።