ምጣዱ ምን በደለ?

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ መግቢያ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ፎቶ ሰሞኑን በቴሌግራም ያልደረሰው የከተማዋ ነዋሪ ያለ አይመስልም። ነገሩ አጭር ነው፦ አንድ ቤት ውስጥ ምጣድ የተሰካበት ሶኬት ነደደ፣ ግድግዳው ጠቆረ፣ ሰው ሳይጎዳ ጠፋ። ኮሚቴው ተሰበሰበና ሦስት ውሳኔ አሳለፈ። በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ተከለከለ። ብሬከሩ እየወደቀ ያስቸገረው ነዋሪ «በ63 ይቀይር» ተባለ፣ በባለ 63 አምፔር ብሬከር ማለት ነው። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ይግባልን ብለው ያመለከቱት ደግሞ «ብሬከር እስካለ ድረስ ኧርዝ ቅንጦት ነው» የሚል መልስ አገኙ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ማስታወቂያው ለክልከላው ምክንያት ሰጥቷል፦ «ማታ ኃይል ሲወርድ ምጣድ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ሽቦ ያነድዳል»። ይህን የጻፈው ሰው ምጣድንና ፍሪጅን አይለይም። ሞተር ያለው ዕቃ ኃይል ሲወርድበት ይታገላል፣ የሚስበውም ከረንት ሊጨምር ይችላል። ምጣድ ግን ሞተር የለውም፤ ሸክላው ሥር የተዘረጋ ሬዚስታንስ፣ ከረንት ሲያልፍበት የሚግል ሽቦ ነው። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ ያው ምጣድ የሚስበው 13 አምፔር ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ወደ 2300 ዋት ይወርዳል። ሽቦው እፎይ ይላል። የሚጎዳው እንጀራው ነው፤ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል።

ታዲያ ሶኬቱ ለምን ነደደ? ተራ ሶኬት በሥሪቱ የሚችለው 16 አምፔር ነው፣ ያውም አዲስ ሆኖ፣ ብሎኑ ጠብቆ። የሚሰካበት ስፒና ብዙ ጊዜ ከዚያም ያነሰ ነው፤ በመሐል ዲቫይደር ከገባ ደግሞ ባይወራ ይሻላል። ምጣድ በተለኮሰ ቁጥር ብሎኑም ሽቦውም ይግላሉ፣ ሲጠፋ ይበርዳሉ፤ በዚህ መለጠጥና መኮማተር ብሎኑ ቀስ በቀስ ይላላል። የላላው ቦታ ላይ ከረንቱን የሚያግድ 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጠር፣ በ16 አምፔር 25 ዋት ሙቀት ይወጣል። ይህ ከሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ የማይተናነስ ሙቀት ነው፤ ከጥፍር በማይሰፋ ቦታ ላይ፣ የሳምንቱ እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያርፋል። የተራ ሽቦ ልባስ የሚችለው ደግሞ 70 ዲግሪ ነው። ብሬከሩ ይህን ሁሉ አያይም። እሱ የሚያየው በውስጡ የሚያልፈውን ከረንት ነው፤ የላላ ብሎን ደግሞ ከረንት አይጨምርም።

ስለዚህ ከጋገራችሁ በኋላ ስፒናውን ነቅላችሁ በጣታችሁ ንኩት። እጅ የማያስቆይ ከሆነ፣ የሶኬቱ ፊት ቢጫ ወይም ቡናማ ከመሰለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ያ ሶኬት አልቆለታል። ማጥበቅም ማጽዳትም አያድነውም፤ የጠቆረው የሽቦ ጫፍ ተቆርጦ ሶኬቱ ይቀየር።

አሁን ወደ 63ቱ ልምጣ፤ ከሦስቱ ውሳኔ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነውና።

ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ልክ ነው። የቤት ዕቃ ስለበዛ፣ ወይም ባለቤቱ በመነሣትና በመቀመጥ ስለተሰላቸ አይደለም። ለመብራት ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፤ ለሶኬት ባለ 2.5 ከ16 ጋር፤ ባለ 4 ከ25 ጋር፤ ባለ 6 ከ32 ጋር። በቱቦ ውስጥ ግድግዳ የተቀበረ ባለ 2.5 ሽቦ በሰላም የሚሸከመው 20 አምፔር ገደማ ነው። በዚያው መስመር ላይ 3500 ዋት ምጣድ፣ 2000 ዋት ስቶቭ፣ 2000 ዋት የሻይ ማንቆርቆሪያ አንድ ላይ ይብሩ፤ 34 አምፔር ሆነ። የሙቀቱ ጭማሪ ደግሞ በካሬው ነው፣ ሽቦው ከተሠራለት ሦስት እጥፍ ገደማ ይግላል። 16ቱ ብሬከር ይወድቃል፤ ወደቀ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። 63ቱስ? በደረጃው መሠረት ከተጻፈበት 13 በመቶ በላይ እስኪያልፍ፣ ማለትም እስከ 71 አምፔር ድረስ፣ ሰዓት ሙሉ ዝም እንዲል ነው የተሠራው። በዚያ መሐል ፊውዝ የሚሆነው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ኮሚቴው የዘበኛውን ዓይን ጨፍኖ ሌባው ቀረ ብሎ ሊያስወራ ነው የተነሣው።

ብሬከር በወደቀ ቁጥር የሚጠየቀው መቼ ወደቀ የሚለው ነው። እንደተነሣ ወዲያው ከወደቀ የተገናኘ ሽቦ ወይም የተበላሸ ዕቃ አለ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከወደቀ ወይ ጭነት በዝቷል፣ ወይ የብሬከሩ የራሱ ብሎን ላልቶ እያጋለው ነው። የላላውን ብሎን ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ በካቻቢቴ ማጥበቅ ይፈታዋል፤ የበዛውን ጭነት የሚፈታው መስመር መለየት ነው።

«ብሬከር እስካለ ድረስ ኧርዝ ቅንጦት ነው» ላለው ሰው ደግሞ አንድ ቁጥር አለኝ። 16 አምፔር ማለት 16,000 ሚሊ አምፔር ነው። የሰውን ልብ ምት ለማዛባት ከ30 ሚሊ አምፔር ብዙም የማያልፍ ከረንት ይበቃል። ብሬከሩ እናትየው ምጣድ ላይ እጇ ተይዞ ስትቀር አንድ ተጨማሪ አምፖል የበራ ያህል እንኳ አይቆጥራትም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ሰውን የሚያስጥለው ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ነው፦ በፌዝ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) የሄደውና በኒውትራል (በመላሹ ሽቦ) የተመለሰው ከረንት እኩል ካልሆነ ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ መጫን ነው፤ ካልወደቀ ይጣል።

ኧርዝስ? ኧርዝ የሌለው ምጣድ ውስጡ ያለው ሽቦ ብረቱን ከነካ፣ ብረቱ ፌዝ ይዞ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። ግን የኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ጨረስኩ ማለትም ሞኝነት ነው። ሐዋሳ የተቀመጠችው የእሳተ ገሞራ ትራፊ ላይ ነው፤ ከአፈሩ ብዙው ፐሚስ የሚሉት ቀላል ጠጠርና አሸዋ ነው። ሐይቅ ዳር አካባቢ ውኃው ቅርብ ስለሆነ አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ እርጥብ አፈር ሊያገኝ ይችላል፤ ወደ ታቦር ተራራ ሲጠጉ በበጋ ያው ዘንግ ደረቅ ጠጠር ውስጥ ይቀራል። አፈሩ ከረንቱን የሚያግደው ተለክቶ 50 ኦም ቢሆን እንኳ፣ 220 ቮልት ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው። 16ቱ ብሬከር በዚህ አይነቃም፤ አርሲዲው ግን ወዲያው ይቆርጣል። ስለዚህ ሁለቱ አይነጣጠሉም። አንዱ ዘንግ ካልበቃ ሁለተኛ ይጨመር፣ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ፤ ወደ ቤት የሚገባው የመዳብ ሽቦ ከባለ 6 አይነስ። ለአንድ ሕንጻ አንድ ጥሩ ኧርዝ ይበቃል፤ ወጪው ለሁሉም ሲካፈል ቅንጦት የሚያሰኝ አይደለም። ሶኬት ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር የሚያስር «ባለሙያ» ካጋጠማችሁ ግን ከነካቻቢቴው ሸኙት፤ ኒውትራሉ የተቆረጠ ቀን የምጣዱ ብረት 220 ቮልት ይሆናል።

ምጣዱ የሚያስፈልገው ክልከላ አይደለም፣ የራሱ መስመር ነው። ከማከፋፈያው ተነሥቶ መሐል ላይ ያልተቀጠለ፣ ሦስት ባለ 4 ሽቦ (ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ቢጫ-አረንጓዴው ኧርዝ)፣ በ20 አምፔር ብሬከር፤ ምጣዱ ከ4000 ዋት ካለፈ በ25። ስፒና የሚባል ነገር ይቅር፤ ፌዝና ኒውትራልን አንድ ላይ የሚቆርጥ ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ ከምጣዱ ጎን ይተከል፣ እንፋሎቱ በሚወጣበት በላዩ አይደለም። ከዚያ ወደ ምጣዱ የሚሄደው ገመድ ሙቀት የሚችል ልባስ ያለው ይሁን። ኧርዙ ከምጣዱ ብረት ጋር በብሎን ይታሰር። ሸክላ እርጥበት ስለሚጠጣ የታጠበ ወይም ሲከርም ያልበራ ምጣድ አርሲዲውን ሊጥል ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ አርሲዲው አይነቀል።

ሽቦ ስትገዙ የተጻፈበትን አትመኑ። ነጠላ ባለ 4 ሽቦ ልባሱ ተልጦ በካሊበር ሲለካ ውፍረቱ 2.26 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባለ 2.5 ደግሞ 1.78። በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ሥሩ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ስለ ሻወሩ ማስታወቂያው ዝም ማለቱ ይገርማል። 5500 ዋት ፈጣን ሂተር 25 አምፔር ይስባል፣ ከምጣድ ይብሳል፤ ሰውየው ደግሞ ራቁቱን ውኃ ውስጥ ቆሟል። ባለ 6 ሽቦ፣ 32 ብሬከር፣ ያለ አርሲዲ ፈጽሞ አይሆንም። ለቤተሰብ 50 ሊትር ቦይለር ይሻላል፦ 1500 ዋት ስለሆነ 7 አምፔር ብቻ ይስባል፣ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሲሞቅ ከሥሩ ጠብ ጠብ የምትለዋን ቫልቭ ደግሞ አትድፈኗት፤ ታንኩ እንዳይፈነዳ የምታደርገው እሷ ናት።

ኮሚቴው በአንድ ነገር አልተሳሳተም፤ ሃያ ቤት በበዓል ዋዜማ አንድ ላይ ከለኮሰ 70 ኪሎ ዋት ነው፣ የሕንጻው ዋና ኬብል ይጨነቃል። ለዚህ ተራ ማውጣት ይበቃ ነበር። ክልከላው ግን ሰዉን ወደ ከሰልና ማገዶ ይመልሳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጤስ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዙ አስተኝቶ ይገድላል፣ ግድግዳ እንኳ አያጠቁርም።

ፎቶውን ደግሞ አስፍታችሁ እዩት። ከማስታወቂያው ጎን የሕንጻው ማከፋፈያ ሳጥን ይታያል። ክዳን የለውም። ሁለት ሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሎ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፣ ልጆች በሚያልፉበት ቁመት ላይ። ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ፕላስተሩን የወሰደው ከዚያው ጥቅል ሳይሆን አይቀርም።