ዋስ እንጂ ዋሾ አንሁን

ወገኖቼ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የምቆጣው ልጆቻችንን አይደለም። እኛን ነው። ለልጆቻችን መንጃ ፈቃድ ስለምናኖረው ፊርማ ነው የምናገረው።

አገር ቤት ዋስ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ ሰው ሥራ ሊቀጠር ሲል "እባክህ ዋስ ሁነኝ" ብሎ ከመጣ፣ የተጠየቀው ሰው ሳምንት ያስባል። ሚስቱን ያማክራል። የሰውየውን ጠባይ ያጣራል። እምቢ ማለት የከበደው ከቤት ጠፍቶ ይሰነብታል። አጎቴ አንዴ ለአንድ ገንዘብ ያዥ ዋስ ሆኖ ነበር። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ባገኘው ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚለው "ሒሳቡ ደህና ነው?" ነበር።

እዚህስ? የ16 ዓመት ልጃችን መኪና ይዞ ብቻውን ጎዳና እንዲወጣ ዋስ የምንሆነው እኛ ነን። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትልቅ ሰው ካልፈረመለት መንጃ ፈቃድ አያገኝም። እኛ ደግሞ ይህን ፊርማ የምናኖረው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ኤምቪኤ፣ መስኮት ላይ ቆመን፣ በአንድ እጃችን ስልክ እያወራን ነው። አጎቴ ቢያየን ምን ይል ይሆን?

ሕጉን ላልተከታተላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጁ 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላው ፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃድ፣ ያወጣል። ፐርሚቱን ይዞ ቢያንስ 9 ወር ይለማመዳል። በዚህ መሀል 30 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 6 ሰዓት ደግሞ መንገድ ላይ ከአስተማሪ ጋር ይማራል። የቀረው የእኛ ነው። 60 ሰዓት ከጎኑ ተቀምጠን እናነዳዋለን። ከዚያ ውስጥ 10 ሰዓቱ በጨለማ መሆን አለበት። ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው 21 ዓመት የሞላውና መንጃ ፈቃድ ከያዘ 3 ዓመት ያለፈው ነው። አምና ላይሰንስ ያወጣ አባት፣ አባት ቢሆንም ለዚህ አይሆንም። ይህ ሁሉ አልፎ ልጁ 16 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው ፕሮቪዥናል የሚባለውን ላይሰንስ ያገኛል። እሱም ገደብ አለበት፤ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ ስድሳውን ሰዓት ማን ይቆጥራል? ማንም። ፖሊስ የኋላ ወንበር ላይ አይቀመጥም። መንግሥት አንድ የልምምድ መዝገብ ሰጥቶን "ሞልታችሁ ፈርሙ" አለን። አመነን ማለት ነው።

እኔ ራሴ ዋሽቻለሁ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ የምናገር እንዳይመስላችሁ።

የትልቋ ልጄ ፈተና ነገ ጠዋት ነው። ከሥራ ገብቼ፣ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አልን። መዝገቡ ላይ ከላይ ካሉት ሦስት መስመሮች በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ሦስት እስክሪብቶ አመጣሁ። አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ። በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል መሆኑ ነው። እሷ ቀን ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። "ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል።" "እሁድ፣ ሁለት ሰዓት።" አንዱ እሁድ ሙሉ ቀን ሰርግ ቤት የዋልንበት መሆኑ ትዝ ሲላት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የጨለማውን 10 ሰዓት በጥቁሩ እስክሪብቶ ጻፍሁት። ስድሳ ሰዓት በ40 ደቂቃ አለቀ። ከታች ፈረምሁ።

በማግስቱ አለፈች። ቤት ውስጥ እልል ተባለ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላት፣ ካፊያ ባለበት ምሽት፣ ከጆርጂያ አቬኑ ወደ ቤልትዌይ፣ ከተማውን ወደሚዞረው ሃይዌይ፣ ልትገባ ሄደች። መግቢያው ጫፍ ላይ ስትደርስ መኪናው ሁሉ እየበረረ ያልፋል። ፈራችና ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላ የመጣው መኪና ገጫት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከባምፐሩ በቀር የተጎዳ የለም። ስደርስ ሁለቱም ፍሬቻ ይብለጨለጫል። ልጄ በተሳፋሪው ወንበር ላይ እጇን ጉልበቷ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች። አልጮኸችም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ "አባዬ፣ እንዴት እንደሚገባ እኮ አላሳየኸኝም።"

በመዝገቡ መሠረት ግን ሃይዌይ ላይ ስምንት ሰዓት ነድታለች። እኔ ነኝ የጻፍሁት። በሰማያዊው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼን እጠይቃለሁ። "የልጅህን ሰዓት በትክክል ሞላህ?" ስል፣ ብዙው ሰው ፈገግ ይላል። ፈገግታውን አውቀዋለሁ። የእኔ ነው።

ይበልጥ የሚያሳፍረው ግን ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ስንቶቻችን ነን በመሪ እንጀራ የምንበላው? ታክሲው፣ ኡበሩ፣ የጭነት መኪናው፣ ፓርኪንጉ የእኛ ሰው ነው። በረዶ ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ እናውቃለን። ዝናብ ሲጀምር አስፋልቱ መጀመሪያ ላይ ይበልጥ እንደሚያንሸራትት እናውቃለን። የትኛው መታጠፊያ ላይ ብስክሌተኛ ድንገት ብቅ እንደሚል እናውቃለን። ለማናውቀው ተሳፋሪ በቀን 12 ሰዓት እንነዳለን። ይህን ሁሉ እውቀት ለልጃችን ለማስተላለፍ ግን ጊዜ አጣን። ስድሳ ሰዓት ለ9 ወር ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ሰዓት ተኩል! ለእቁብ አንድ ሳምንት አናሳልፍም። የእድር ስብሰባ አይቀርብንም። የእሁድ ኳስማ አይነሳ።

ድካሙን አውቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ነድቶ የመጣ ሰው እንደገና መኪና ውስጥ ግባ ሲሉት ያመዋል። ግን ማን ልዩ ቀጠሮ ያዙ አላችሁ? ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ መሪውን ለልጁ ስጡት። ለአስቤዛ ስትወጡ ስጡት። እንግዳ ለመቀበል ደለስ ኤርፖርት ስትሄዱ ስጡት። አባት ከጎን ተቀምጦ ዝም ማለት ከቻለ። (ይህኛው ከማስተማሩ ይከብዳል። እኔ ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል።)

አሁን ወደ ገደቡ ልምጣ፤ ጉድ ያለው እዚህ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ላይሰንሱ ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 151 ቀናት ልጁ ብቻውን ሲነዳ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው መጫን አይችልም። የቤተሰቡ አባል ሲሆን ብቻ ይፈቀድለታል። እኛ ግን "ቤተሰብ" ስንል ማንን እንደምንል ታውቃላችሁ። የአክስት ልጅ ወንድም ነው። የአብሮ አደግ ልጅ እህት ናት። ክርስትና ያነሳነው ልጅማ ከልጅም በላይ ነው። ሕጉ ይህን ዝምድና አያውቅም። የሚያውቀው እህትና ወንድምን፣ ወይም በዚያው አድራሻ አብሮ የሚኖርን ዘመድ ነው። ልደት ሲያልቅ "ልጆቹን በሙሉ አንተ አድርሳቸው፣ ጎሽ የኔ አንበሳ" የምትሉ እናቶች፣ አንበሳውን ሕግ እያስጣሳችሁት ነው። አምስት የሌላ ሰው ልጆች መኪናው ውስጥ አሉ። የእነዚያን ልጆች ወላጆችስ ጠየቃችኋቸው?

"የኔ ልጅ እኮ ጨዋ ነው" ትላላችሁ። ይሁን፣ ጨዋ ነው። ሽማግሌ ሲያይ ከወንበር ይነሳል። ግን ጨዋነት ርቀት አይለካም። ጨዋነት ከጎን የሚመጣን መኪና ፍጥነት አይገምትም። ያንን የሚያስተምረው ደጋግሞ መንዳት ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ፣ ሰው የሚሞትበት አደጋ ውስጥ የሚገቡት ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እኩያ ጓደኛ ሲጫን አደጋው ይጨምራል፤ ጓደኞቹ ሲበዙ ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል። ጓደኞቹ ባለጌ መሆን የለባቸውም። ሳቅ ይበቃል። አንዱ ከኋላ ስልኩን ዘርግቶ "ይቺን እያት" ማለቱ ይበቃል።

ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድም እኛን ለማጉላላት የተፈጠረ ነገር አይደለም። ኒውዚላንድ በ1987 ጀመረችው። እዚህ አገር ፍሎሪዳ በ1996 ተከተለች፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ገቡበት። ሐሳቡ የመንደር ሰው የሚያውቀው ነው። ልጅ መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል፣ ከዚያ በግ፣ ከዚያ ከብት። በመጀመሪያው ቀን በሬ ጠምዶ እርሻ የገባ ልጅ ታውቃላችሁ?

የሌሊቱ ነገርም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 5 ሰዓት ብቻውን አይነዳም። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 11 መሆኑ ነው። ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት ጉዳይ፣ ለስፖርት ውድድር፣ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲሆን ይፈቀዳል። የፋሲካ ቅዳሴ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነገሩን የማነሳው በየዓመቱ ስለማየው ነው። ሌሊት ቅዳሴ ያልቃል። ሰው ሁሉ ለ55 ቀን ያልቀመሰውን ዶሮ እያሰበ ይጣደፋል። የመዘምራን ልጆች ነጠላቸውን እንዳጣፉ አንድ መኪና ውስጥ ይደራረባሉ። መሪው ላይ ያለው ገና 17 ዓመቱ ነው፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልተኛም። ወላጆቹ በሌላ መኪና ቀድመው ሄደዋል፣ ዶሮውን ሊያሞቁ። በረመዳን ሌሊትም ልጆቻችሁን ለብቻ የምትልኩ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። አንድ ትልቅ ሰው ከልጁ ጎን ይቀመጥ። ዶሮው አይሸሽም።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ "እኛ ጋ ይለያል" ብላችሁ እንዳትዝናኑ። የሚለየው ቁጥሩ ነው። እናንተ ጋ ልምምዱ 45 ሰዓት ነው፣ 15ቱ በጨለማ። በመጀመሪያው ዓመት ከ21 ዓመት በታች የሆነ፣ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ሰው የሚጫነው አንድ ብቻ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ወላጅና ልጅ አብረው ቁጭ ብለው የሚማሩበት 90 ደቂቃም አለ። ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ የሚያንቀላፋው አባት ማን እንደሆነ አልናገርም። እናንተ ጋ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። ልጁ መንጃ ፈቃዱን ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ወላጁ ከጎኑ ቆሞ፣ ከዳኛ ፊት የሚቀበልበት ሥርዓት አላችሁ። ለነገሩ የሚገባውን ክብደት ሰጥተውታል።

ስልክን በተመለከተ ልጆቹን ብቻ እንዳንወቅስ። ሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች ያለ አሽከርካሪ እየነዳ ስልክ እንዲያወራ አትፈቅድም፣ እጁን ሳይጠቀም እንኳ ቢሆን። ለአደጋ ጥሪ፣ ለ911፣ ካልሆነ በቀር። ታዲያ ልጁ ሲነዳ ማን ነው የሚደውለው? እናቱ። "የት ደረስህ?" ካላነሳ አምስት ጊዜ ትደውላለች። ካነሳ ደግሞ "እየነዳህ ለምን ታነሳለህ?" ትለዋለች።

ኢንሹራንስ ላይ የልጁን ስም ያላስገባችሁ፣ እናንተን በአንድ መስመር ነው የማልፋችሁ። ዋጋው እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ ግን ልጁ ሰው የገጨ ቀን ኩባንያው "ይህን ልጅ አላውቀውም" ቢላችሁ ቤታችሁን ነው ያስያዛችሁት።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት አንድ መብትም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ የፈረመ ወላጅ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ፊርማውን ማንሳት ይችላል። ጽፎ ከጠየቀ ላይሰንሱ ይሰረዛል። አገር ቤት "ዋስትናዬን አንስቻለሁ" እንደሚባለው ማለት ነው። ልጁ ሲያጠፋ መኪናውን ደብቃችሁ፣ ቁልፉን ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀብራችሁ አትሰቃዩ። አንድ ጊዜ ቁጭ በሉና "የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ የማነሳውም እኔ ነኝ" በሉት። እኔ ለሁለተኛው ልጄ ገና ፐርሚቱን ሳያወጣ ነግሬዋለሁ። እስካሁን አልተጠቀምሁበትም። ግን መኖሩን ያውቃል።

የእሱ መዝገብ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። እስከ ዛሬ 23 ሰዓት ተሞልቷል። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ አይደለም፤ ግን አሁን ምክንያቱ እስክሪብቶ ስለሚጠፋብን ነው። ባለፈው ማክሰኞ በዚያው በጆርጂያ አቬኑ መግቢያ ስድስት ጊዜ አስገባሁት። ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና። አራተኛው ላይ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ስድስተኛው ላይ ሬዲዮ እንድከፍትለት ጠየቀኝ፤ አልከፈትሁም። እህቱ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። "ነዳጅ ስጠው፣ አሁን፣ አሁን!" ትለዋለች። ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሚሰማው።

ነገ ቀጠሮ ያላችሁ፣ መዝገባችሁም ባዶ የሆነ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። ቀጠሮውን ሰርዙት። ልጁ ያኮርፋል፣ ጓደኞቹ ቀድመውታል፣ ሁለት ቀን አያናግራችሁም። ኤምቪኤ ሌላ ቀን ይሰጣችኋል።