ግምት ሌላ፣ ዋስትና ሌላ
ስለ አፕሮክሲሜሽን አልጎሪዝም (ምርጡን መልስ ማግኘት ሲከብድ ለምርጡ የቀረበ መልስ በፍጥነት የሚሰጥ ስልት) የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ «አፕሮክሲሜሽን አልጎሪዝም በግምት መሥራት ነው» የሚለው አባባሉ አልተዋጠልኝም። ግምት ማለት ምን ያህል እንደተሳሳትክ ሳታውቅ ስትቀር ነው፤ እዚህ ግን የስህተቱ ጣሪያ አስቀድሞ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ማክስ ከትን ውሰዱት፦ በመስመር የተያያዙ ነጥቦችን (ኖዶችን፣ ባንድ ላይ ግራፍ ይባላሉ) ለሁለት ወገን ከፍለህ በወገኖቹ መካከል የሚቆረጡትን መስመሮች በተቻለ መጠን ማብዛት ነው። ለእያንዳንዱ ኖድ ሳንቲም እየወረወርክ ግራ ወይ ቀኝ ብትመድበው እንኳ በአማካይ ግማሹ መስመር ይቆረጣል፣ ማለትም ከምርጡ ቢያንስ ግማሹን ታገኛለህ፤ ተመራማሪዎቹ ጎማንስና ዊሊያምሰን ደግሞ በ1995 ባሳተሙት ሥራ በአማካይ ቢያንስ የምርጡን 87.8 በመቶ ያህል እንደሚገኝ አረጋገጡ። ይሄ ግምት ነው እንዴ? ከላይ በአስተያየትህ «ግራፍ ለመክፈል ሚኒመም ከት (በተቻለ መጠን ጥቂት መስመር ቆርጦ ለሁለት መክፈል) ይበቃል» ላልከው ወንድሜ፣ እኔም እንደዛ ብዬ ተሸውጃለሁ። ሥራ ላይ አንድ ትልቅ ኔትወርክ ለሁለት ሰርቨር ላካፍል ብዬ ሞከርኩት፤ የመለሰልኝ ምን መሰለህ? በአንዲት መስመር የተንጠለጠለች አንድ ኖድ ብቻዋን በአንድ በኩል፣ የቀረው ሁሉ በሌላ በኩል! መልሱ ትክክል ነው፣ ግን ምን ያደርግልኛል። ሁለቱ ወገን ይመጣጠን ስትል ነው ነገሩ ኤንፒ ሃርድ (ምርጡን መልስ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚያገኝ ስልት ያልተገኘለት) የሚሆነው። እዚህ ጋ ሌይተንና ራኦ በ1988 ያመጡት ሐሳብ ደስ ይላል (ጽሑፉ ራውቲንግን፣ ማለትም ፍሰትን በመስመሮች መምራትን፣ ለብቻ፣ ክፍፍልን ለብቻ አድርጎ ማቅረቡም ለዚህ ነው ያልተመቸኝ)፦ በሁሉም ጥንድ ኖዶች መካከል እኩል ፍሰት ለመላክ ትሞክራለህ፣ የሚጨናነቁት መስመሮች የት ጋ መቁረጥ እንዳለብህ ይጠቁሙሃል፣ ውጤቱም ከምርጡ በሎግ ኤን (የኖዶቹ ብዛት ሎጋሪዝም) ደረጃ ካለ እጥፍ በላይ አይርቅም። በ2004 አሮራ፣ ራኦና ቫዚራኒ ይህንኑ እጥፍ ወደ የሎግ ኤን ስኩዌር ሩት ደረጃ አወረዱት።