ውድ ሶፍትዌር ጥሩ የስፒከር ሳጥን አይሠራም

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ላይ ስፒከር በእጅህ ለመሥራት መነሳትህ በጣም ደስ ይላል። ግን «ነፃ ሶፍትዌር ግምት ነው፣ ትክክለኛ ሳጥን ለመንደፍ የሚከፈልበት ግድ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል።

ዊንአይኤስዲ (WinISD) የሚባለው ነፃ የሳጥን መንደፊያ ፕሮግራምም ሆነ ውዶቹ፣ ለባስ ሳጥን የሚጠቀሙት ስሌት በመሠረቱ አንድ ነው። መሐንዲሱ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተመው፤ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ አሰፋው። ውጤቱን የሚለየው የምታስገባው ቁጥር ነው። መረጃ የሌለው ድራይቨር (ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ከገበያ ገዝተህ ቁጥሩን በግምት ከሞላህ፣ ውዱም ያንኑ ግምት ይመልስልሃል። እባክህ መጀመሪያ ድራይቨሩን ለካው። ሩም ኢኪው ዊዛርድ (REW) የሚባለው የመለኪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ሳውንድ ካርድና አንድ ሬዚስተር ካለህ ኢምፒዳንሱን (በየድግግሞሹ ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ይለካልሃል።

ለእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ማንም ሲያነሳው አይሰማም። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊታችን ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ቪኤኤስ (Vas) የሚባለው የድራይቨር ቁጥር፣ ማለትም እንደ ድራይቨሩ ማንጠልጠያ እኩል የሚለጠጥ የአየር መጠን፣ አብሮ ይቀንሳል። ፋብሪካው 50 ሊትር ብሎ ከጻፈ፣ እዚህ 40 አካባቢ ነው። ዝግ ሳጥንህም በዚያው ልክ ሊያንስ ይችላል፤ እንጨት ታተርፋለህ! ፖርት (የአየር ቀዳዳ) ያለው ሳጥን ከሆነ ግን የፖርቱ ቲዩኒንግ (የሚስተካከልበት ድግግሞሽ) አይነካም። እሱ የሚከተለው የድምፅን ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ በሙቀት እንጂ በግፊት አይለወጥም።

ለክሮስኦቨር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየድራይቨሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) ዊንአይኤስዲ አይበቃህም። ቪቱክስካድ (VituixCAD) የሚባለውን ፕሮግራም አውርድ፤ ለግል ሥራ ነፃ ነው።