ለ60 ፕሮፌሰር አንድ ደብዳቤ

የጅማ ወጣት ሰነፍ ነው የሚል ካለ ማታ ፈረንጅ አራዳ ይምጣና ይይ። ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ ላፕቶፑ በርቷል፣ ማስተርሱን የጨረሰው ጀግናችን ውጭ አገር ለፒኤችዲ የሚያማክረው ፕሮፌሰር እያደነ ነው። አንድ በአንድ የሚጽፍ እንዳይመስላችሁ። ያ የድሮ ሰው ሥራ ነው! እሱ አንድ ኢሜይል ጻፈ፣ የ60 ፕሮፌሰሮችን አድራሻ ደረደረ፣ ላከ። እያንዳንዳቸው የሌሎቹን 59 ስም ያያሉ። ግልጽነት ማለት እንዲህ ነው።

ደብዳቤው በ"ዲር ሰር" ይጀምራል። ከተላከላቸው ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ይሁን፣ አክብሮት ፆታ አይለይም። ቀጥሎ "ሥራዎችዎን ሁሉ አንብቤ እጅግ ተደንቄያለሁ" ይላል። የትኛውን ሥራ ብሎ መጠየቅ ነገረኝነት ነው። የቡና በሽታ ሊያጠና የተነሳ ልጅ ከዋክብት የሚመራመሩ ሴትዮ በጻፉት ከተደነቀ፣ የንባቡን ስፋት ማድነቅ ነው እንጂ! አባሪውንማ ተዉት፦ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ ከነጀርባው። ጥያቄው ግን አጭር ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ይስጡኝ፤ ካልሆነም የሚሰጠኝ ሰው ይፈልጉልኝ።

ጊዜ አጠባበቁስ! አብዛኛው የአሜሪካ ፒኤችዲ ማመልከቻ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሚዘጋ ችኩሎቹ መስከረም ላይ ይጽፋሉ። እሱ ግርግሩ እስኪያልፍ ጠብቆ የካቲት ላይ ከች ይላል። በብዙ ትምህርት ክፍሎች ተማሪ የሚመርጠው ኮሚቴ ነው፣ አንድ ፕሮፌሰር ብቻውን አይወስንም። ይኼ ድረ ገጻቸው ላይ ተጽፏል፤ ጀግና ግን ማስታወቂያ አያነብም።

ጓደኛውን ብታዩ ታሳዝናለች። ሳምንቱን ሙሉ የአንዲት ፕሮፌሰር ሁለት ጽሑፍ ላይ ተደፍታ ከረመች። ከዚያ ስድስት መስመር ጻፈች። እዚሁ መልኮ ካለው የቡና ምርምር ማዕከል የወጣው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ የቡና ፍሬ በሽታን ይቋቋማል፣ እርስዎ ያገኙት ውጤት ጥላ ሥር ለሚበቅል እንዲህ ላለ ዝርያም ይሠራል ወይ፣ ለሚመጣው ዓመትስ ተማሪ ይቀበላሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ሲቪዋን አያያዘች። በቃ። ሚኒስትሪ ካርድ የለ፣ መታወቂያ የለ! መልስ መጣላት፤ ሐሙስ በዙም ሊነጋገሩ ነው። ለአንዲት መልስ ይህ ሁሉ ልፋት!

ጀግናችን እንዲህ ራሱን አያደክምም። ትናንት ለሌላ 40 ልኳል። ከነሱ አንዱ ፕሮፌሰር ካረፉ ቆይተዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ገጻቸውን አላነሳውም እንጂ። እሳቸውም እስካሁን እምቢ አላሉትም።