ውዳሴ ለአምስት ጨዋታ ነቢያት

የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን በመደበኛው ውድድር 82 ጨዋታ ያደርጋል። 77ቱ ትርፍ መሆናቸውን የገለጡልን የጥቅምት ተንታኞች እድሜያቸው ይርዘም!

አምስተኛው ጨዋታ እንዳለቀ ሰንጠረዡ ይወጣል፤ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ቡድን ይሾማል፤ አሠልጣኙም ሊቅ ተብሎ ያድራል። ተጋጣሚዎቹ በየጨዋታው 35 ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቢወረውሩ በአምስት ጨዋታ 175 ይሆናል። ከሙከራው በተለመደው መጠን 36 በመቶው ይገባል ተብሎ ቢሰላ፣ ዕድል ብቻውን ስድስት ቅርጫት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህም በጨዋታ ወደ አራት ነጥብ ይጠጋል፤ መሃል የሚዋልል ቡድንን ወደ ላይኛው ጫፍ ለማውጣት ይበቃል። ማንም ሳይጠብቀው ብቻውን ቆሞ የሳተው ወርዋሪ ግን "መከላከሉ አስጨንቆት" ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው የአምስት ተጫዋቾች ጥምረት ስሌት ነው። አብረው 22 ደቂቃ የተጫወቱ አምስት ሰዎች ይፈለጉና ውጤታቸው ወደ 100 የኳስ ይዞታ (ቡድኑ ኳስ ይዞ የሚያጠቃበት ተራ) ይመነዘራል። በ22 ደቂቃ አንድ ቡድን የሚያገኘው 46 ይዞታ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ሦስት ነጥብ ስትገባ ስሌቱ በ6.5 ይመነደጋል። ከደቂቃዎቹ ሲሶው ጨዋታው ካለቀለት በኋላ፣ ተቀያሪ ከተቀያሪ ሲጋጠም የተለቃቀመ ነው ብሎ ማንሳት ነውር ነው። ተጋጣሚው ትናንት ማታ ሌላ ከተማ ተጫውቶ መምጣቱም አይነሳም። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ መጻፍ ግን ግዴታ ነው፤ 61.37 ያለ ሰው እንዴት ይሳሳታል?

ታሪክም ይመሰክርላቸዋል። በ2010 ማያሚ ሂት በ9 ድልና በ8 ሽንፈት ሲጀምር የሦስቱ ኮከቦች፣ የሌብሮን፣ የዌድና የቦሽ ጥምረት አይሠራም ተባለ፤ ቡድኑ 58 ጨዋታ አሸንፎ ለሊጉ ፍጻሜ ደረሰ። በ2022 ዩታ ጃዝ ከ13 ጨዋታ 10 አሸንፎ አጨበጨብንለት፤ ዘመኑን በ37 ድልና በ45 ሽንፈት ጨረሰ። ጥፋቱ የጃዝ ነው፤ ሰንጠረዡማ ምን በወጣው!

ይህን ሁሉ ደስታ የሚያደፈርስ አንድ ዓይነት ደረቅ ሰው አለ። ከዚህ በፊት ከ1,000 የሦስት ነጥብ ሙከራ 360 ያገባ ተጫዋች ዘንድሮ ከ40 ሙከራ 20 ሲያገባ፣ ይህ ሰው ሁለቱን ደምሮ 380ን ለ1,040 ያካፍልና 36.5 በመቶ አግኝቶ "ልጁ ያው ነው" ይላል። ተንታኙ እስከዚያ "በእረፍቱ ወራት አወራወሩን ቀይሯል" የሚል ሐተታ ጨርሷል፤ ለማስረጃም ሁለት ቪዲዮ አያይዟል፤ ሁለቱም የገቡ ኳሶች ናቸው።