አንድ ጌም እንኳ ተረጋግተን አንጫወት?

ኧረ በናታችሁ! ስለ አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ ነው የማወራው፤ በድሮዋ ጃፓን ስለሚካሄደው የቪዲዮ ጌም። በፈረንጆቹ 2024 ማስታወቂያው ገና ሲወጣ «ጥቁር ሳሙራይ (የጃፓን ባላባት ተዋጊ) ብሎ ነገር ምንድነው?» ተብሎ አገር ይያዝልኝ ሆነ።

ጌሙ ላይ ሆነን የምንጫወተው ሰውየው እኮ ተረት አይደለም። ያሱኬ ይባላል። በ1579 ከኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ቫሊኛኖ ጋር ጃፓን ገባ። የጃፓኑ የጦር መሪ ኦዳ ኖቡናጋ ሲያየው ቀለም የተቀባ መስሎት አሳጠበው። አልለቅ ሲለው ከጎኑ አደረገው፣ ቤትና ጎራዴ ሰጠው። ሳሙራይ ነበር አልነበረም የሚለውን የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት፣ ይሁን። ግን በ2017 ኒኦ የሚባለው ጌም ላይ ያሱኬ ጠላት ሆኖ ሲመጣ ማን ትንፍሽ አለ? ስንገድለው ምንም አይደል፤ እሱን ሆነን ስንጫወት ነው ታሪክ የተበላሸው! አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው።

ወዲያ ማዶ ያሉት፣ የጌሙ ደጋፊዎችም አይሻሉም። ተልዕኮው ይደጋገማል፣ ይደብራል ካልክ ዘረኛ ነህ። የጌሙ ሠሪ ዩቢሶፍት የአንድ የጃፓን ቡድን ባንዲራ ሳያስፈቅድ ተጠቅሞ ይቅርታ ጠይቋል፤ እሱን ማንሳትም ያስጠረጥራል።

መጋቢት 2025 ላይ ጭራሽ ነገሩ ጃፓን ፓርላማ ገባ። ጌሙ ውስጥ መቅደስ ስለመሰባበር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠየቁ! ናኦኤ የምትባለዋ ሌላዋ ዋና ገጸ ባሕርይ ደግሞ አስታዋሽ አጥታለች። ጣራ ለጣራ ስትሄድ ያያት እኮ ስለ ፖለቲካ አያወራም። አሁን ደግሞ የሚቀጥለው ጌም ማስታወቂያ ይውጣና ያው ሰዎች፣ ያው ጩኸት።